ከቧንቧው ማዶ ያለው ቀይ ምልክት

ቅናት ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ልብስ ሰፊዋ በዚያ ሰሞን ደጋግማ በተቀበረች ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ያረጀውን የሱቆች መንገድ ሊያድስ ተነሣ። ለተመረጠ ቤት ፊቱ መስታወት፣ ደጃፉ ንጣፍ፣ ከበላዩ መብራት ያለው ሰሌዳ በነጻ ይሠራለታል፤ ምልክቱም ግንቡ ላይ የሚቀባ ቀይ ክብ ነው። ሰፊዋ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ ቀዩ ክብ በታናሽ እህቷ ፀጉር ቤት ግንብ ላይ ጉብ ብሏል። በእሷ ግንብ ላይ ጠብታ እንኳ የለም።

ሁለቱ ሱቆች ከአባታቸው የቀረ አንድ ቤት ናቸው። መሀሉን በግድግዳ ከፍለው፣ በግድግዳው ላይ በር ትተው፣ ከውጭ ደግሞ የዝናብ ቧንቧውን ድንበር አድርገው ይሠራሉ። ሙሽሮች ከሰፊዋ ዘንድ ቀሚስ ይለኩና በመሀል በሩ ወደ ፀጉር ይሻገራሉ፤ ተውበው ደግሞ ቀሚሱን ሊለብሱ ይመለሳሉ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሌላ የለም።

ታናሽ እህቷን ሚጡን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላት ነው ስፌት የተማረችው። ፀጉር ቤቱም የተከፈተው በእሷ መርፌ ነው። አሁን መስታወቱ ለሚጡ፣ አቧራው ለእሷ! ደሟ ፈላ። ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር፤ ግን ቅናት የያዘው ሰው መቼ ይጠይቃል? የመቁረጫ ጠረጴዛዋን እየጎተተች ወስዳ በመሀል በሩ ላይ ገጠመችው፤ በላዩም የጨርቅ ጥቅሉን እስከ ጣሪያ ከመረችበት።

ሚጡ በሩን ብትገፋ አልከፈት አላት። በውጭ ዞራ መጥታ ምን ሆነሻል ብትላት፣ ሰፊዋ ስፒል በጥርሷ ይዛ ምንም አለች። ሚጡም የሥራ ብዛት መስሏት ሳቅ ብላ ሄደች። ያ ሳቅ የባሰ አንገበገባት። ምን ታድርግ፣ አግኝታ ነው የምትስቀው ብላ ያዘችባት። ሙሽሮቹም የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው በአቧራው እየዞሩ መግባት ጀመሩ።

ታዲያ ሚጡ ሙሽራ ልታስውብ ሰው ቤት በሄደችበት ቀን የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ መጣ። ትሁት ጎልማሳ ነው። ከሰፊዋ ገብቶ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እህትዎ ቤቱ አንድ ነው፣ በመሀል በር ይገናኛል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን በር አይታየኝም። አንድ ነው ወይስ ሁለት?»

ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። ጉድ በይ! የራሷ አልበቃ ብሏት የእኔንም ልትጠቀልል ነው አለች በሆዷ።

«ሁለት ነው» አለችው። «እኔ የማንም ጓዳ አይደለሁም።»

እርግጠኛ መሆኗን ደግሞ ጠየቃት። እንግዲያው ሥራው ቧንቧው ላይ እንደሚቆምም ነገራት። ይቁም አለች። ያን ቀን እስኪመሽ እያንጎራጎረች ስትሰፋ ዋለች።

ከመስታወቱ በፊት ሰሌዳው ደረሰ። ሠራተኞቹ መሰላል ላይ ወጥተው ሲያነሡት፣ የሚጡን በር አልፎ፣ ቧንቧውን ተሻግሮ ከሰፊዋ በር በላይ ደረሰ። ሰፊዋ እንደ እብድ ወጣች። ግንቤን ልቀቁ ልትል አፏን ከፍታ ቀና ስትል፣ በትልልቁ «ስፌት እና ፀጉር» የሚል አነበበች። ስፌቱ በእሷ በር ላይ ነው፤ ያውም ቀድሞ።

ሚጡ እጇ አረፋ እንደሆነ ሮጣ ወጣች። አብሯቸው የመጣው መሐንዲስ፣ ሰሌዳው አስቀድሞ በአንድ ቤት ልክ ተሠርቶ እንደነበር፣ ቤቱ ሁለት መሆኑ ስለተነገረው ግን የሰፊዋ ፊት ተራ ለሌላ ሱቅ ማለፉን አስረዳ። ሚጡ ለመነችው፤ እሱም አዘነ፤ ግን ያለፈው አልፏል። ሰሌዳውን ቧንቧው ጋ ይቆርጡት ጀመር።

ሚጡ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«አንድ ቤት ነን ስላልኩ እኮ ነው አንድ ምልክት ያደረጉት፣ እትዬ» አለች። «ሲሰቀል በዓይንሽ እንድታይው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ያንቺን ያስቀደምኩት ታላቄ ስለሆንሽ ነው።»

መጋዙ ጨረሰና የሰፊዋ ቁራጭ ደጃፏ ላይ ወደቀ። «ስፌት እና» ይላል። ሰፊዋ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ገብታ ጥቅሉን ወዲያና ወዲህ ጣለችው፤ ጠረጴዛውን ጎትታ የመሀል በሩን ከፈተች።

ከዚያ ቁራጩን አንሥታ መዶሻ ያዘች፤ ሚጡም በወንበር ወጥታ ሰሌዳውን ያዘችላት። ሚስማሩን ብትመታው የግንቡ ልስን ተገምሶ ፊቷ ላይ ፈሰሰ። ከፍ አድርጋ ሞከረች፤ ያም ፈሰሰ። ከቧንቧው ማዶ ሠራተኞቹ አዲሱን መስታወት እያስገቡ ነው፤ በአቧራው መሀል ዓይኗ አሁንም ወደዚያው ሄደ፤ አሁንም ቀናች።

«አይይዝም፣ እትዬ» አለች ሚጡ። «ግንቡ አርጅቷል።»

ሰሌዳውን አውርደው በመሀል በሩ አጠገብ አቆሙት።