ጎማውን ያፈነዳው ማሬ አይደለም

የማር ገንቦ ጎማ አያፈነዳም። ይህን ማለት ከጀመርሁ ዓመታት አለፉ፤ የሰማኝ ግን የለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ ልሳፈር እጄን ሳነሣ ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን የያዝሁትን ዕቃ ነው። «እትዬ ታየች፣ ገንቦ የለም አይደል? ጎማዬ አዲስ ነው» ይለኛል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም እተወውና በእግሬ እሄዳለሁ። በዚህ ነገር ስንቱን ዳገት በእግሬ እንደወጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዘመንፈስቅዱስ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከወንድሙ ከጌቱ ጋር ሆኖ አንዲት ቀይ የእስፖርት መኪና ገዝቶ ነበር። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ እየታጠፈ የዕቃ መጫኛዋ ውስጥ የሚገባ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። እህል አትጭን፣ ሰው አትጭን፤ ለሠርግ ነው የተገዛችው። ሙሽራውና ሙሽሪት ከኋላ ተጣብበው ይቀመጣሉ፣ ሚዜ ከፊት፣ ጌቱ ይነዳል። ከደጀን እስከ ቡሬ የሚደግስ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚፈልገው። ባለቤቴ ሲሞት ግማሿ የእኔ ሆነች። ይህን ፍርድ ቤቱም ያውቃል፣ የንስሐ አባታችንም ያውቃሉ። ጌቱ ግን እስከ ዛሬ «መኪናዬ» ነው የሚላት። ቀለም ሲቀባት አይጠይቀኝም፣ ዘይት ሲቀይር አይነግረኝም። ጎማ ሲመርጥማ ጭራሽ!

ልጄ ዘመናይ ያገባችው ወደ ደምበጫ ነው። በዚያች መኪና ስትሄድ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እኔም እንደ እናት ወግ ለአማቷ ለወይዘሮ ወለተ ኪዳን አንድ ገንቦ ማር ላክሁ። የዕቃ መጫኛዋ ጠባብ ስለሆነች ገንቦው በጋቢ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ተኝቶ ነው የሄደ። የአማኑኤልን ከተማ አልፈው ጥቂት እንደተጓዙ የኋላው ጎማ መጨስ ጀመረ፤ ከዚያ ተበጣጥሶ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ትርፍ ጎማ የለም። ለምን የለም? የዚያች መኪና ጎማ «ራን ፍላት» የሚባል፣ አየር ባይኖረውም የሚሄድ ነው ተብሎ ስትሠራም የትርፍ ቦታ አልተተወላትም።

በእኛ ወግ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ከወጣች የባሏ ደጅ ሳትደርስ እግሯ መሬት አይረግጥም። ዘመናይ ግን መንገድ ዳር ወረደች። ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በግ አራግፎ ይመለስ የነበረ አይሱዙ ላይ ከነሙሽራው፣ ከነጌቱና ከነገንቦው ተሳፈረች። ደምበጫ የገባችው በግ በግ እየሸተተች ነው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከነዘመዶቻቸው ደጅ ቆመው «ምን ሆናችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ጌቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የእናትየው የማር ገንቦ ከበደና ጎማውን አፈነዳው» አለ።

በቃ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ወተት ቢገነፍልባት «መንገድ ላይ የወረደች» ነው፤ ላም ብትታመም «መንገድ ላይ የወረደች» ነው። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲነሣ ማር ይዤ ብሄድ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በእንግዳ ፊት፣ «ከውጭ አስቀምጡት፣ ቤቱ እንዳይፈርስ» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዘመናይ ሕፃኑን እንደታቀፈች አንገቷን ደፋች። እኔ ማሬን አንሥቼ ወጣሁ። ሆዴ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ቀረ።

ዘንድሮ ከፋሲካ በፊት የመኪናዋ ጎማዎች አራቱም አለቁ። ጌቱ ዋጋው ለብቻው ስለከበደው ደጄ መጣ።

«ታየች፣ ጎማ ልንለውጥ ነው።»

«ልንለውጥ? ዛሬ እኔም አለሁበት ማለት ነው?»

«ነገር አትጀምሪ። ያንኑ ራን ፍላቱን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። ድርሻሽን ብቻ…»

«አይገባም! ያ ጎማ የእኔንም የልጄንም ስም አጥፍቷል። ተራውን ጎማ ነው የምንገዛው፤ ከነትርፉ።»

«ትርፉን የት ልታደርጊው? ሙሽሪት ታቅፋው ትሂድ?»

«ሚዜው ይታቀፈው! እሱ ምን ሥራ አለው?»

«ለመሆኑ አንቺ ስለ ጎማ ምን ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያው ማር እንዴት አድርጎ ጎማ እንደሚያፈነዳ ጎሚስታው ያስተምረኝ። ተነሥ፣ እንሂድ።»

ሄድን። ሙላት የሚባለው ጎሚስታ መናኸሪያው አጠገብ ነው የሚሠራው። ጌቱ መኪናዋን አቁሞ ገና ሳይወርድ፣ «ሙላት፣ ሁለቱን ጎማ ለእትዬ አስረዳልኝ፤ እኔን አታምነኝም» አለ።

«በምን ላምንህ?» አልሁ።

ሙላት እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «እትዬ ታየች፣ ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ራን ፍላቱ ጎኑ ወፍራም ነው። ሚስማር ወግቶት አየሩ ቢያልቅ እንኳ ጎኑ መኪናዋን ይሸከማታል። ቀስ ብለው ከነዱት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ያደርሳል፤ ሙሽራ መንገድ ላይ አትቀርም።»

«ሰማሽ?» አለ ጌቱ።

«አልጨረስኩም ጋሼ። ደረቅ ነው፣ ጉድጓድ ሲገባ ወገብ ይቆርጣል። እንደልብ አይገኝም። ባዶውን ከተሄደበት ደግሞ ውስጡ ይበላል፤ አልጠግነውም፣ ይጣላል። ተራው ለስላሳ ነው፣ አማኑኤልም ደምበጫም ይጠገናል። ግን አየሩ ሲወጣ እዚያው ቆሙ ማለት ነው። ትርፍ ከሌለ አለቀ።»

«ሰማህ?» አልሁት በተራዬ።

ሙላት እያወራ በመኪናዋ ዙሪያ እየዞረ በመለኪያው አየራቸውን ያይ ነበር። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። «ጋሼ፣ ይኸኛው ባዶ ነው እኮ።»

እኔ ወርጄ አየሁት። እንደ ጓደኞቹ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በእግሬ መታ አደረግሁት። «የቱ? ይኸ የቆመው?»

«የቆመው ጎኑ ነው እትዬ። አየር የሚባል የለውም።»

«እንዴት ተደርጎ! ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ደህና ነበር» አለ ጌቱ።

«በዓይን አይታይም ጋሼ።»

እኔ ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ግን እስኪገባኝ እጠይቃለሁ፤ ሰው ቢሰለችም ግድ የለኝም።

«ቆይ ሙላት፣ ባዶውም ሙሉውም አንድ ዓይነት ከቆሙ፣ የሚነዳው ሰው በምን ያውቃል?»

«መብራት አለው። አየር ሲጎድል ከፊቱ ቢጫ መብራት ይበራበታል። ያን መብራት ሳያዩ ራን ፍላት መንዳት ዓይን ጨፍኖ እንደመንዳት ነው።»

«የት ላይ ነው የሚበራው?»

ሙላት በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ እጁን አስገባ። «ከመሪው በስተጀርባ፣ ፍጥነት ከሚቆጥረው ጎን፣ እዚህ…» አለና ጣቱ ቆመ። ጣቱ የቆመው አንዲት የቅዱስ ገብርኤል ተለጣፊ ሥዕል ላይ ነበር።

ጌቱ ለማጨስ እንደሚፈልግ ሰው ኪሱን መዳበስ ጀመረ፤ አጭሶ የማያውቅ ሰው። እኔ ዞሬ የሾፌሩ ወንበር ላይ ገባሁ። ዘሎ በሩን ያዘ።

«ታየች፣ ሥዕሉን እንዳትነኪ! ኃጢአት ነው!»

«አነሣዋለሁ እንጂ አልጥለውም።»

«የመኪናዋ ጠባቂ ነው! ከዘመናይ ሠርግ በፊት ጀምሮ እዚያው ነው ያለው፤ ከስንት አደጋ ያወጣን!»

«ከዘመናይ ሠርግ በፊት?» አልሁት።

እጁ ከበሩ ላይ ወረደ።

ሥዕሉን ተሳለምሁ። ዳሩን በጥፍሬ ቀስ አድርጌ አነሣሁና ሳልቀድደው ላጥሁት። ቁልፉ እንደተሰካ ነበር፤ አዞርሁት። ቢጫዋ መብራት ቦግ ብላ ቀረች። ቅርጿ እንደ ድስት፣ መካከሏ ላይ አንድ ጭረትና አንድ ነጥብ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር!

«ያን ጊዜም ትበራ ነበር?»

«ታየች፣ ሰው ይሰማናል…»

«ያን ጊዜም ትበራ ነበር ወይ አልሁህ!»

«ትበራ ነበር» አለ። «ግን ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት እኮ! የሙሽራ ወገን መኪና ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መብራት ነው፤ ‹ተበላሽታለች› ይላል። ቪዲዮ አንሺውም ከሙሽሪት ይልቅ እሷን ነው የሚያነሣት። ሥዕል ብለጥፍባት ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። መልአኩን የውሸቱ መጋረጃ አደረገው! ያን ሁሉ ዓመት የረገምሁት ጎማ እኮ ምንም አላጠፋም። አየሩ አልቆ እንኳ ከደጄ አንሥቶ አማኑኤልን አሳልፏታል፤ ከዚያ በፊት ስንት ቀን ባዶውን እንደተነዳ ማን ያውቃል። ችሎ ችሎ ነው የተበጣጠሰው። መብራቷም ድርሻዋን ተናግራለች፣ አፏን አፈናት እንጂ። መብራቷ እየነገረችው ልጄን ባዶ ጎማ ላይ አስቀምጦ እልል እያስባለ ወሰዳት፤ ሲዋረድ ደግሞ አፍ የሌለውን ማር ከሰሰ!

ቁልፉን ነቅዬ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት።

«ምን ማድረግሽ ነው? ለዳግማ ትንሣኤ ሠርግ ተቀብያለሁ!»

«ተቀብለናል በል።»

«እሺ፣ ተቀብለናል። ቁልፉን አምጪ።»

ሙላት መሐል ገባ። «እትዬ፣ መብራቷ ከታየች እኮ ራን ፍላቱ ክፉ አይደለም። ለሙሽራ እንዲያውም…»

«ጎማው ክፉ እንዳልሆነ አሁን ገብቶኛል ልጄ። የሚነዳው ግን ይኸ ሰው ነው። ነገ ደግሞ ቅዱስ ሚካኤልን ይለጥፍባታል። ለእሱ የሚሆነው አየሩ ሲወጣ አስፋልት ላይ ተዘርሮ የሚያሳየው ጎማ ነው። እሱን በምን ይሸፍነዋል? ተራውን እዘዝ፣ አምስት አድርገህ።»

«አምስተኛው የዕቃ መጫኛው ውስጥ ከገባ ጣሪያዋ አይታጠፍም!» ጮኸ ጌቱ። «ሙሽሪት በምን ትታይ?»

«በመስኮት ትታይ! እኔስ ያገባሁ ጊዜ በምን ታየሁ?»

ሙላት ሳቁን ለመደበቅ ጎማ ሊያነሣ ሄደ።

ጎማዎቹ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ጣሪያ መጡ። ሙላት አንዱን በአንዱ እያነሣ ሲገጥም ጎኑ ቆሜ አየሁት። ሲጨርስ ጌቱ እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

«መጀመሪያ ደምበጫ» አልሁት።

«ደምበጫ ምን አለ?»

«ወይዘሮ ወለተ ኪዳን አሉ።»

ገባው። መሬት መሬት አየ። «በስልክ ብነግራቸውስ?»

«ስሜን ያጠፋኸው በስልክ ነው እንዴ?»

ቁልፉን ሰጠሁትና ጉዞ ጀመርን። ጉድጓድ ሲመጣ መኪናዋ እንደ ድሮው አጥንት አትሰብርም ነበር፤ ልስላሴውን እሱም ሳያውቀው አልቀረም፣ ከአፉ አልወጣለትም እንጂ። የገበያ ቀን ስለነበር ደምበጫ በፈረስና በባጃጅ ተጨናንቃለች። ቀይዋን መኪና ያየ ሁሉ ሠርግ መስሎት ይከተለን ጀመር። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግቢ ስንደርስ ከኋላችን የተሰበሰበው ሰው ቀላል አልነበረም። ግቢው ውስጥ ገባንና ዘመናይ በሩን ዘጋችው። ልጇን አዝላለች።

«እንኳን ደህና መጡ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው። «ዛሬስ ምን ከባድ ነገር ይዘው መጡ?»

«ዛሬ የያዝሁት ጌቱን ነው» አልኋቸው። «ንገራቸው።»

ጌቱ ባርኔጣውን አወለቀ። «እትዬ፣ ያ የሠርጉ ዕለት የጎማው ነገር… እንግዲህ… ያኔ የተባለው ትንሽ ስሕተት ነበረበት።»

«የማን ስሕተት?»

«የጎማው…»

«ጌቱ!» አልሁ።

«የእኔ። ጎማው ባዶ ነበር። መብራቱ ሲነግረኝ ሸፈንሁት። ማሩ ምንም አላደረገም፣ ዘመናይም ምንም ጥፋት የላትም።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ወደ እሱ ቀረቡ። «ታዲያ ለምን ማር ነው አልህ?»

«ሁላችሁም ታዩኝ ነበር እኮ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ገንቦው ፊቴ ተቀምጦ አየሁት።»

ዘመናይ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ በልቅሶ ሲንቀጠቀጥ ልጇ በጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቃል፤ ጨዋታ መስሎታል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ አጥሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ ያለፈ ነገር ነው። እኔም በጨዋታ ነው የምለው የነበረ። ግቡ፣ ቤት ውስጥ እንነጋገር፤ ሰው አይስማን።»

«አይሆንም» አልሁ። «እኔና ልጄ የተዋረድነው በሰው ፊት ነው።»

ሄጄ የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ከውጭ የቆመው ሰው ሙሽሪት የምትወጣ መስሎት አንገቱን አሰገገ። ጌቱን ክንዱን ይዤ የበሩ ደፍ ላይ አቆምሁት።

«በል» አልሁት፣ «ከመጀመሪያው ጀምር። ድምፅህንም ከፍ አድርግ።»