ሦስት ጊዜ ካልጠየቁ

ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረ ወዲህ ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ አልነሣ ብሎ ነበር። እናቴ ኢምፒ የተኛችበት የአረጋውያን መንከባከቢያ መስኮቱ ወደ ውሃው ነው። ውሃው ግን አይታይም፤ ነጭ ነገር ብቻ ነው። እኔ ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ፣ እሷ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ያየችውን ትነግረኛለች።

«ዛሬ ውሃው እስከ አልጋዬ መጣ» ትላለች።

«አልበረደሽም እማዬ?»

«ምን ይበርደኛል! አባትሽ ጀልባውን በሩ ላይ አስሮ፣ ዓሣውን ሳያወርድ ሳቀብኝ።»

አባቴ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድሮ እንዲህ ስትል አርማት ነበር፤ ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ቀስ በቀስ ማረሙን ተውኩት። እንዲያውም አንዳንድ ቀን እኔም ከሹራቤ ቀና ስል ጀልባውን በሩ ላይ ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

ያስጨነቀኝ ቤቱ ነበር። አባቴ በእጁ የሠራው ቢጫ ቤት፣ ከጎኑ ቅዳሜ ቅዳሜ በእንፋሎት የምንታጠብበት ክፍል፣ ሳውና ያለው። እሷን ላስታምም ብዬ ሥራዬንም የተከራየሁትንም ክፍል ትቼ የገባሁት እዚያ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ሌላ የምገባበት የለኝም።

የሰፈራችን ጠበቃ አርቮ አብሮኝ የተማረ ነው። ቢሮው ከብረታ ብረት ሱቁ በላይ ነው፤ ሲያስረዳ እርሳስ ያኝካል።

«ስሚኝ ሴንያ» አለኝ። «ወጪዋን መንግሥት የሚሸፍንላት ሌላ ንብረት ከሌላት ነው። የምትኖርበት ቤት ግን አይቆጠርባትም፣ እመለሳለሁ እስካለች ድረስ።»

«እንደማትመለስ እያወቅን?»

«ሕጉ የሚጠይቃት ሐሳቧን ነው፣ እግሯን አይደለም።»

«በእኔ ስም ብናዞረውስ?»

«አምስት ዓመት ወደኋላ ሄደው ያያሉ። ዛሬ ብታዞሪው ስጦታ ነው ብለው እርዳታውን ያዘገዩባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እቤቷ አስታምመሻት ቢሆን ሕጉ ራሱ ቤቱን ያለ ቅጣት ወዳንቺ ያዞርልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ አሥራ አራት ወር!»

«ወገቤ ነው እምቢ ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ አትቆጪ። ስትሞት ቤቱ በቀጥታ ወዳንቺ የሚያልፍበትን ወረቀት ፈርማለች። ያ አልቋል። አሁን የቀረው ከካውንቲው፣ ከወረዳው መንግሥት፣ የምትላከው ሴትዮ መጥታ ስትጠይቃት፣ ቤቴ እመለሳለሁ ብላ መፈረም ብቻ ነው። አልመለስም ካለች ቤቱ ይሸጥና ለመንከባከቢያው ይከፈላል።»

አንድ ቃል ብቻ ናት። እኔም ቀለል አለኝ።

እኔና አርቮ ሁለታችንም የረሳነው ነገር ነበር። አያቶቻቸው ከፊንላንድ ወደ አሜሪካ የመጡ የእኛ ሰፈር ሰዎች ሲጠየቁ እሺ አይሉም። ዳቦ ስታቀርብለት «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ይልሃል። ስትደግምለት «ኧረ ተወው፣ ለልጆቹ ይሁን» ይላል። በሦስተኛው እጁን ይዘረጋል፤ ሦስተኛውን ካልጠየቅከው ተርቦ ይሄዳል እንጂ አይነካውም። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይታማል። እናቴ ደግሞ በዚህ ከሁሉም የባሰች ናት። ጥርሷን ሊነቅል የተዘጋጀው ሐኪም ማደንዘዣ ልውጋዎት ወይ ቢላት «አይ፣ አይቸገሩ» ብላ እንዲሁ የተነቀለች ሴት ናት።

የካውንቲው ሠራተኛ ማርሲ ትባላለች፤ ከደቡብ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች የመጣች። በመጣች ቀን እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነበርኩ። ስመለስ ቅጹ ተሞልቶ አልቋል። «ወደ ቤትዎ የመመለስ ሐሳብ አለዎት?» ከሚለው ጎን «የለኝም» ተብሎ ተጽፏል።

«ምን አለችሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ምን ያደርጋል ልጄ፣ ሰው አላስቸግርም አሉኝ» አለች ማርሲ፣ ፊቴን አይታ ደንግጣ።

አርቮ በስልክ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

«ስንት ጊዜ ጠየቀቻት?»

«አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ! ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? በይ አትንጫጪ፣ ሐሙስ ይዣት እመጣለሁ።»

ሐሙስ ከሰዓት አርቮ ሚስቱ የጋገረችውን ሄል ያለበት ጥምዝ ዳቦ ታቅፎ መጣ፤ ማርሲ ከኋላው። ጭጋጉ መስኮቱን ሞልቶታል፤ የአዳራሹ ድምፅ እንኳን ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አርቮ ዳቦውን ለማርሲ ሰጣትና «መጀመሪያ ይህን ጋብዣት» አላት። እናቴ አይ አለች። አሁንም አይ አለች። በሦስተኛው ሁለት ቁራሽ አነሣች።

«ገባሽ?» አላት አርቮ።

ማርሲ ሳቋን ዋጠችና ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። «ወይዘሮ ኢምፒ፣ ወደ ቤትዎ የመመለስ ሐሳብ አለዎት?»

«አይ፣ እዚህስ ምን ጎደለኝ።»

«እውነት፣ ቤትዎ መመለስ አይፈልጉም?»

«ኧረ ተይው ልጄ። መንገዱም ጭጋግ ነው።»

ማርሲ አልቸኮለችም። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ከዚያ ቀስ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀቻት።

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከነጩ ነገር ውስጥ የሆነ ሰው የሚመጣ ይመስል ብዙ አየች።

«እንዳላስቸግራችሁ ብዬ ነው እንጂ» አለች። «አዎ። ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ። በየቀኑ እፈልጋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጀልባው ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን ሳገኝ ይሄዳል።»

ፈረመች። ስሟ አንድ ፊደል አልጎደለውም። አርቮ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ቤቱ ተረፈ፤ በደስታ አለቀስኩ፣ ማርሲንም ሳላውቃት አቀፍኳት።

እነሱ ሲሄዱ እናቴ ትራሷ ላይ ተደገፈች።

«ጨዋ ሴት ናት» አለች። «ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።»

«አዎ እማዬ።»

«አንቺ አንድ ጊዜ ነበር የጠየቅሽኝ።»

አልወቀሰችኝም። ዝም ብላ የምታስታውሰውን ነው የነገረችኝ። እኔም አስታወስኩ። ሰኔ ላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከወደቀች በኋላ፣ ወጥ ቤት ቆመን «እማዬ፣ እዚሁ ከእኔ ጋር መቆየት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «አይ፣ አንቺን አላስቸግርም» አለችኝ። በዚያው ደቂቃ ስልኩን አንስቼ መንከባከቢያው ጋ ደወልኩ። ማርሲ ከሩቅ የመጣች ናት፣ አታውቅም። እኔ ግን እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ደክሞኝ ነበር፣ አይ እንድትለኝ ነበር የምፈልገው፣ እንዳለችኝም ሐሳቧን ሳትቀይር ቃሏን ከአፏ ቀማኋት።

አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ቤት እንሂድ?»

«አይ፣ ምን ያደርጋል።»

«የምሬን ነው። እንሂድ?»

«ኧረ ተይው፣ ይደክምሻል።»

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፋ አደረገችና ዓይን ዓይኔን እያየች ጠበቀችኝ። ደረጃውን አሰብኩ። ሳውናውን፣ እሷን ደግፎ ማንሣቱን፣ ወገቤን አሰብኩ። ብርድ ልብሱን መልሼ አለበስኳት፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆለፍኩላት።

ሦስተኛውን አልጠየቅኳትም።