ከሞተሩ ኋላ የተቀመጠ ሄልሜት

በሰሜን እንግሊዝ ተራሮች ላይ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። አንደኛው፣ ከፊት ለፊቱ ሌላ ሞተረኛ ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ማለት ነው። ሰውየው ሐኪም ይሁን ሌባ ግድ የለም፤ ሞተር ላይ ከተቀመጠ ሰላምታ ይገባዋል። ሁለተኛው፣ መንገድ ዳር ከቆመ ሞተር ኋላ ሄልሜት መሬት ላይ ተቀምጦ ካየ፣ የቱንም ያህል ቢቸኩል መቆም ነው። “ተቸግሬአለሁ፣ ድረሱልኝ” ማለት ነውና። ይህን ደንብ ማንም በሕግ መጽሐፍ አላሰፈረውም፤ ግን ከተጻፈው ሁሉ በላይ ይከበራል። ይከበር ነበር ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ሎሬይን በዚያ እሑድ ጠዋት ሄልሜቷን አውልቃ ከሞተሯ ኋላ ስታስቀምጥ በዕድሜዋ ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ በዶፍ ዝናብ ቆሞላት፣ እጁን በዘይት አጨማልቆ ሞተሯን ያስነሳላት ሰው ዴሪክ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ተራራው ግርጌ ባለችው ሻይ ቤት ሳይገናኙ ቀርተው አያውቁም። እሷ ባሏን ስትፈታ እሱ ነበረ፤ እሱ ወንድሙን ሲቀብር እሷ ነበረች። ለሱ መፍቻ ማቀበል፣ ለሷ ደግሞ ቀልዱን መስማት ከቤተሰብ ወግ የማይተናነስ ነገር ሆኖ ነበር።

አሁን ግን ካቴናዋ ተበጥሷል። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ካቴና ዳገቱ ላይ ቋ ብሎ ተቆረጠና እንደ ሞተ እባብ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ሎሬይን አንስታ አየችው። አንዲት ማያያዣ ብቻ ነበረች የጎደለችው፤ አውራ ጣት የማታክል ብረት። እሷ ዘንድ የለችም። ስልኳን አወጣች፤ እዚያ ተራራ ላይ ስልክ ከድንጋይ አይሻልም። ሰዓቱ አራት ሰዓት ከሩብ ይላል። የምትሄድበት መንደር ገና አሥራ አራት ማይል ይቀረዋል።

የምትሄደው ደግሞ አባቷን ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቷ ድንጋይ ፈላጭ ነበር፤ በዘመኑ አንድ ጥቁር ሞተር ነበረው። ከመነሳቱ በፊት ሦስት ጊዜ ስለሚያስል፣ ስብከት ሊጀምር ጉሮሮውን እንደሚጠርገው የሰፈራቸው ቄስ ማለት ነው፣ ስሙን “ቄሱ” አሉት። ሎሬይን መንዳት የተማረችው በቄሱ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አባቷ ቀኝ እጁ ሽባ ሆነ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ እናቷ ሞተሩን ለመንገደኛ ሸጠችው። ቤት ሲመለስ ጋራዡን ከፍቶ አየና በሩን መልሶ ዘጋው። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እስኪሞት ድረስም አላነሳውም።

ይኸው አርባ ዓመት ሎሬይን የአሮጌ ሞተር ታርጋ ሳታይ አታልፍም። ሃያ ስድስቱን ዓመት ዴሪክ አብሯት ፈልጓል፤ በየገበያውና በየትርኢቱ እየዞረ፣ ታርጋውን በቃሉ ይዞ። ባለፈው ሰኞ ግን በአካባቢው ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ አገኘችው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ጋራዥ ልታጸዳ ነው፤ ታርጋው ራሱ፣ ፎቶውም ራሱ። ደወለች። ሚስስ ግሬይሰን ትባላለች ሴትዮዋ። “እሑድ ይምጡ” አለቻት፣ “ቀድሞ ለመጣ እሰጣለሁ እንጂ ለማንም አላስቀምጥም። እኩለ ቀን ላይ ሌላ ሰው ከከተማ ይመጣል።”

ሐሙስ ዕለት ወሬውን ለዴሪክ ነገረችው። ከሱ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

“ታርጋው ራሱ? እርግጠኛ ነሽ?” አለ፣ የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ አስቀምጦ።

“ተኝቼም አልረሳው!”

“የት መንደር ነው?”

ነገረችው። ዴሪክ ለጥቂት ጊዜ በመስኮቱ ውጭ ውጩን አየ።

“እሑድ አብሬሽ ልምጣ?”

“ተው፣ ብቻዬን ይሻለኛል። እዚያ ሆኜ አለቅሳለሁ፤ አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ትስቅብኛለህ።”

“እሱስ እውነት ነው” አለና ሳቀ። “በይ ሐሙስ ቄሱን ይዘሽልን ነይ፤ ኃጢአቴ በዝቷል፣ ይባርከኝ።”

እንግዲህ ሎሬይን መንገድ ዳር ቆማ ይህን ሁሉ እያሰበች ሳለ ነው ከታች የሞተር ድምፅ የሰማችው። ሞተረኛ የወዳጁን ሞተር ድምፅ ከሩቅ ይለያል። የዴሪክ ሰማያዊ ሞተር ነው! ደስታዋ ልክ አጣ። “አይ ዴሪክ! እምቢ ብለውም ተከተለኝ” አለች ለራሷ። ዴሪክ ቦርሳው ውስጥ ማያያዣ አያጣም፤ ማያያዣ የሌለው ሰው ሞተር ላይ መውጣት የለበትም እያለ ስንት ጊዜ ነው የሰበካት። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

መሀል መንገድ ወጥታ ሁለት እጇን አነሳች። ሰማያዊው ሞተር ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ፍጥነቱ ለአፍታ የቀነሰ መሰላት። ከዚያ ነዳጅ ሰጠና በአጠገቧ እልም ብሎ አለፈ። አንገቱን አልሰበረም፤ ዘወር ብሎም አላያትም።

ሎሬይን እጇን እንዳነሳች ቀረች። ሰው የሚወደውን ለመክሰስ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ጠበቃ ይቆምለታል። ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረች አለች። ሄልሜቴ ግራጫ ነው፣ ከድንጋዩ አይለይም አለች። ሌላ ሰው ይሆናል፣ ሰማያዊ ሞተር በዓለም አንድ ብቻ ነው እንዴ አለች። መንገዱ ግን ወደዚያች መንደር ነው የሚወስደው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ። ይኼኛውን ሞተር ብሎ መጥራት ሎሬይንንም ዴሪክንም ያስቃቸው ነበር። እንቁላል አመላላሹ ሌን ነው፤ ሰባ አራት ዓመቱ፣ ቀይ ስኩተሩ ላይ ጉብ ብሎ። ዴሪክ “የስፌት መኪናው” ነው የሚለው። ሎሬይን በዚህ መንገድ ላይ መቶ ጊዜ አልፋዋለች፤ አንድም ቀን ሰላም ብላው አታውቅም። ሰላምታ ለእውነተኛ ሞተር ነዋ! ለስኩተር አንገት አይሰበርም።

ሌን ቆመ።

“ሄልሜት መሬት ላይ ካየህ ቁም ይላል ደንቡ፤ መጽሔት ላይ አንብቤአለሁ” አለ። “እኔን ይጨምር አይጨምር ግን አልጻፈም።”

ሎሬይን ጉንጯ ጋለ። “ይጨምራል” አለች። “ካቴናዬ ተበጥሶ ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት ቀጣዩ መንደር ያድርሱኝ እንጂ ሞተሩስ እዚሁ ይቆይ። እባክዎ፣ የአባቴ ሞተር ሊሸጥብኝ ነው።”

“እንቁላል ታቅፈሽ መሄድ ትችያለሽ?”

“ዶሮዋንም ቢሆን እታቀፋለሁ።”

“በይ ውጪ፣ ልጄ። ግን አልዋሽሽም፣ ዳገት ላይ በግ ይቀድመናል።”

እውነቱን ነው፤ አንድ በግ ቀደማቸው። ሎሬይን ሠላሳ እንቁላል ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላው ተኮራምታ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ሰባት ሞተር ከፊት መጣ። ሎሬይን እንደ ልማዷ ለሁሉም አንገቷን ሰበረች። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ከሰባቱ ሁለቱ የሐሙስ ሻይ ቤት ሰዎች ነበሩ።

“አላዩንም ማለት ነው?” አለች ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ።

“አይተውናል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም ሰላም እል ነበር፤ በኋላ አንገቴን ሲያመኝ ተውኩት” ብሎ ሳቀ። ሎሬይን ግን አልሳቀችም፤ አፈረች።

መንደሩ ሲደርሱ ከስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር። ሌን “እንቁላሉን ለሱቁ አድርሼ መጣሁ” ብሎ በሩ ላይ አወረዳትና ሄደ። ሎሬይን የግቢውን በር ገፋ አደረገች። ሰማያዊው ሞተር በእግሩ ቆሟል። ፀሐይ መትታው ያብረቀርቃል።

ሚስስ ግሬይሰን ከኩሽናዋ ብቅ አለች፤ አጭር፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት።

“ሎሬይን ነኝ። በስልክ ያወራን።”

“ውይ! እንዴት ደረሱ? ጓደኛዎ እኮ ነግሮኛል። ‘ካቴናዋ ተበጥሶ ተራራው ላይ ቀርታለች፣ ዛሬ አትደርስም’ አለኝ። በጣም አዘንኩልዎ።”

ሎሬይን ክው አለች። “‘ካቴናዋ ተበጥሶ’ ብሎ ነገረዎት?”

“አዎ፣ ካቴናዋ። ምነው፣ ተሳሳተ እንዴ?”

አልተሳሳተም። መሳሳት ማን በሰጠው! ለአንድ ሰዓት ሙሉ ያቆመችለት ጠበቃ እዚያው ግቢ ውስጥ ከሰሰው። ፀሐይ ዓይኑን የወጋው ሰው የተበጠሰ ካቴና አያይም። አስፋልቱ ላይ የተዘረጋውን ካቴና አይቷል፤ ሄልሜቷን አይቷል፤ የተነሱትን ሁለት እጆቿን አይቷል። አይቶም መንገድ ዳር መቅረቷን ለራሱ ጉዳይ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው።

ጋራዡ ውስጥ ዴሪክ ቄሱ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ሊብሬውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶታል፤ ጫፉ ይታያል። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መሰለ።

“ሎሬይን! እኔ... ስሚኝ፣ የከተማው ሰውዬ እንዳይቀድምሽ ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው የገዛሁት።”

“እግዜር ይስጥህ” አለች። “በል ስሙን በኔ አዙረው። ብዕር አለኝ።”

 የዴሪክ እጅ ሳያውቀው ኪሱን ሸፈነ።

“እንዲያ በለኝ” አለች ሎሬይን።  “ቆመህ ካቴናዬን ጠግነህ፣ ‘እኔ ነኝ የምፈልገው’ ብትለኝ እኮ እጣላህ ነበር፤ ጠልቼህ ግን አላድርም ነበር።”

“እኔም ፈልጌዋለሁ!” አለ ዴሪክ ድንገት ጮኾ። “ሃያ ስድስት ዓመት! ስንት ገበያ ነው የዞርኩት? ካንቺ እኩል ፈልጌዋለሁ። የኔም እየመሰለኝ መጣ። መንገድ ላይ ሳይሽ...” አልጨረሰውም።

“መንገድ ላይ ስታየኝ እግዜር የሰጠህ መሰለህ።”

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ አዋቂዎች። ሎሬይን ግን የወደቀችው ከፈረሱ ብቻ አልነበረም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከተቀመጠችበት ወንበር ጭምር ነው። ወደ ቄሱ ሄዳ የነዳጅ ጋኑን በመዳፏ ዳበሰችው። ከግራ በኩል የአባቷ ቀለበት የፋቃት ጭረት እዚያው አለች። እንባዋ መጣ። ሐሙስ ዕለት እንደፎከረችው አለቀሰች፤ ዴሪክ ግን አልሳቀም።

ስትወጣ ተከተላት። ከቦርሳው ማያያዣዋን አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋላት። “ይቺን እንኳን ውሰጂ” አለ።

ወሰደቻት። ኩራት ካቴና አይቀጥልም። አመሰግናለሁ ግን አላለችም።

ሌን በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር። “እንዴት ሆነ?”

“ተሸጧል።”

“ወይ ጉድ! ለማን?”

“ለአንድ ሰው” አለችና ከኋላው ወጣች። ሌን ሌላ አልጠየቃትም፤ ዕድሜ ያስተማረው ሰው ነው። ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ወደ ኋላ አቀበላት።

የቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ያ ድምፅ ከኋላ መጣ። ሎሬይን አልዞረችም። ሰማያዊው ሞተር አጠገባቸው ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ሄዱ። ዴሪክ ወደ እሷ ዞረና አንገቱን ሰበረ። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ምሕረት እንደሚለምን ሰው ሁለተኛ ሰበረ። ሎሬይን ዓይኗን ከሌን ጀርባ አላነሳችም። ሰማያዊው ሞተር ነዳጅ ሰጥቶ ሄደ።

ሌን ስኩተሩን መንዳት እስኪያቅተው ድረስ ተደሰተ።

“አየሽው? አየሽው ልጄ?” አለ እየጮኸ። “ሰላም አለኝ እኮ! በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ሁለት ጊዜ! ጎንበስ ብሎ!” እሱም ለሄደው ሞተር ዘግይቶ አንገቱን ሰበረ። “ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው! ታውቂዋለሽ?”

ሎሬይን ማያያዣዋን ጨበጠች፤ ብረቱ መዳፏን ወጋት።

“አላውቀውም” አለች።