መጋዙ የማን ነው?

ታናሽ ወንድሜ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ጣውላ ሰንጣቂ ነበር። አምና መጋዙ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች በላበት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ካሳ ይገባዋል ብሎ ወሰነ። ሠራተኞቹ በሹፈት «ጌትዬ» የሚሉት የፋብሪካው ባለቤት ግን ውሳኔውን እንደ ሰርግ ጥሪ አጥፎ ኪሱ ከተተና ረሳው።

እኛም ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ አስከፈትን። በመጀመሪያው ቀጠሮ ጌትዬ ቀረ። በሁለተኛው ታምሜያለሁ ብሎ ላከ፤ በዚያው ጠዋት ግን መኪናውን እየነዳ ጭቃ ረጭቶን አልፏል። በሦስተኛው ክርኑ ያለቀ ኮት ለብሶ መጣ። ኮቱ የዘበኛው ነው፤ ወንድሜ ገና ሲያየው አወቀው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ድርጅቱ ከስሯል» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ማሽኖቹን ከሦስት ዓመት በፊት ለሚስቴ ወንድም ሸጫለሁ።»

ውል አቀረበ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዴም ያልታጠፈ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ውል! አማችየው ከኋላ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። መጋዝና መቀስ የሚለይም አይመስል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሕግ አልተማርኩም። ወረቀት ግን አልጥልም። ከቦርዱ ያስገለበጥኩትን የአደጋ ሪፖርት ለዳኛዋ ሰጠሁ። «አደጋውን ያደረሰው መጋዝ፣ የድርጅቱ ንብረት» ይላል፣ ከነመለያ ቁጥሩ፤ ከሥሩም ተፈርሞበታል።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ይመስላል» አለ ጌትዬ።

«ይመስላል?»

«የእኔ ነው።»

«ከሦስት ዓመት በፊት የሸጡትን ዕቃ አምና የድርጅቴ ነው ብለው ፈረሙ። የዋሹት ያኔ ነው ዛሬ?»

ጌትዬ ወደ አማቹ ዞረ። አማችየው ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ውሉን ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ!» ብሎ ተናዘዘ።

መጋዙ ባለበት ታግዶ በሐራጅ እንዲሸጥ ታዘዘ። ማስታወቂያው ፋብሪካው በር ላይ በተለጠፈ በሳምንቱ፣ ያ ከሰርኩ ባይ ካሳውን አሟልቶ ሬጅስትራሩ ቢሮ ከተፍ አለ። እግዱ እንዲነሳለት የቀረው የወንድሜ ፊርማ ብቻ ነው።

«ቶሎ በል እንጂ፣ ሥራ አለኝ» አለው።

ወንድሜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አሁን መጋዙ ላይ ማን ነው ያለው?»

«አንድ አዲስ ልጅ።»

«የምላጩ መከላከያስ?»

«እሱማ ሥራ ያጓትታል።»

«እንግዲያው እሱ ሲገጠም እፈርማለሁ።»

ጌትዬ ተሳደበ፣ ተለማመጠ፣ በመጨረሻ ስልክ አውጥቶ መካኒክ ጠራ። ወንድሜ በማግስቱ ሄዶ መከላከያውን በዓይኑ አየ፣ በግራ እጁ ነካካው፣ ከዚያ ፈረመ። ጌትዬ ዛሬም ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ጨካኞች ናቸው» እያለ ያማናል።