ቡሬ በመቀናጆ

ሀጀራ ቆቦ ላይ እህል መቸርቸር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ባሏ እንደ ከማሉዲን ያለ ቆጣቢ አላየችም። አንዷን ክብሪት ለሁለት ሰንጥቆ የሚጭር ሰው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ዓይኑ ድመቱ ላይ አረፈ።

ድመቱ ቡሬ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በበሬ ስም የጠራችው እሷ ናት። መጋዘኑን ከአይጥ ይጠብቃል፤ ደመወዙ በየቀኑ ከሥጋ ቤት የሚመጣ የሃምሳ ብር ሳንባ ነው።

«ለድመት ሳንባ ይገዛለታል? አይጡን ይብላ እንጂ!» አለ ከማሉዲን።

«የራበው ድመት አይጥ አይጠብቅም፤ የጎረቤት ድስት ነው የሚጠብቅ።»

ሁለት ቀን አስቦ ጥርሱ ሁሉ እየታየ መጣ። ጎረቤቶቻቸውን፣ በርበሬ ነጋዴውን መህዲንና ጤፍ ነጋዴውን ካሳውን፣ አይጥ አስቸግሯቸዋል፤ ድመት የላቸውም።

«መቀናጆ ገባን! አባቶቻችን አንድ አንድ በሬ ይዘው ተቀናጅተው ያርሱ የለ? ቡሬም በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን እነሱ ጋ ይውላል፤ ባለተራው ያበላዋል። ለኛ ሦስት ቀን ብቻ!»

«በመቀናጆ ሁለቱም በሬ ያዋጣሉ። እነሱ ምን አዋጡ? አይጥ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሂሳብ አይገባሽም።»

ሂሳብ የማይገባት ሴት በሃያ ዓመት አንድ ቁና እህል ጎድሎባት አያውቅም። «ቀኑን ማን መረጠ?» አለችው።

«ደጎች ናቸው፣ ራሳቸው ጠየቁኝ። መህዲ ሰኞና ሐሙስ፣ ካሳው ረቡዕና ዓርብ።»

ሀጀራ መስፈሪያዋን አስቀመጠች። መህዲ ሰኞና ሐሙስ ሱና ይጾማል። ካሳው ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ቤቱ ሥጋ አይገባም። ይህን ከማሉዲንም ያውቃል፤ ቁጠባ ዓይኑን ጋርዶት እንጂ።

«ለድመቴ የሁለት ሃይማኖት ጾም አስገባህለት?»

«ድመት ምን ሃይማኖት አለው!»

«እንዳሻህ። ግን ያ የእናቴ ማሽላ ዘር ቢነካ፣ ወላሂ፣ አልምርህም።»

ዘሩ ከእናቷ ማሳ እየተመረጠ ዓመት ካመት የቆየ፣ ደጋሊት የሚባል የማሽላ ዓይነት ነው። ገበያ ወጥቶ አይገዛም። ሚያዝያ ዝናብ ሲጥል የሚዘራው እሱ ነውና መጋዘኑ ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጣዋለች።

ሰኞ መህዲ ለቡሬ «እኔ ጾሜን ሆኜ ቤቴ ምን ይበስላል? መግሪብ ጠብቅ» አለው። ረቡዕ ካሳው ሽሮ አቀረበለት፤ «ብላ እንጂ ወንድሜ፣ የጾም ነው» እያለ። ማክሰኞ ከማሉዲን «ትናንት መህዲ ጋ ጠግቧል» ብሎ ሳንባውን ተወው። ሀጀራ ከኪሷ ገዝታ ልታበላው ትችል ነበር። እልኸኛ ናትና «ውጤቱን ይየው» ብላ እጇን ሰበሰበች። ይህ የሷ ጥፋት ነው፤ አልካደችም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቡሬ ቤትም፣ ባለተራው መህዲ ጋም የለም። ስታፈላልግ ጀሚል ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ባለ ርስት ተንጋሎ አገኘችው።

«ጀሚል፣ ድመቴን ወሰድክብኝ?»

«ኧረ እትዬ ሀጀራ፣ በእግሩ ነው የመጣ፤ ሰሞኑን እዚህ ነው የሚያድር። እዚህ ተራ የለም፣ ጾምም የለም።»

ቡሬ ከዚህ ከከረመ መጋዘኑን ማን ጠበቀው? ሮጠች። የዘሩ ከረጢት ከሥሩ ተቦድሷል፤ ስታዘነብለው እኩሌታው ገለባ ነው። አላለቀሰችም። የተረፈውን በነጠላዋ ቋጥራ መኝታ ቤቷ አስገባች።

ከማሉዲን ለምሳ መጣ።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለችው። «ተራህ መህዲ ጋ ነው።»

«ምን?»

«ባልም በመቀናጆ ገብቷል። ለኔ ሦስት ቀን ብቻ።»

ቀልድ መስሎት መህዲ ጋ ሄደ። መህዲ በደረቀ ከንፈሩ «መግሪብ ና» አለው። ማክሰኞ ሀጀራ «ትናንት መህዲ ጋ ጠግበሃል» አለችው። ረቡዕ ካሳው ሽሮ አቀረበለት፤ «ብላ እንጂ ወንድሜ፣ የጾም ነው።» ከማሉዲን ሳህኑን አገላብጦ አየው፤ የቡሬ እንዳይሆን ፈርቶ።

ሐሙስ ሳንባ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ቡሬ ከኋላው ይከተለዋል፤ ሰውየውን አይደለም፣ ፌስታሉን።

«ለሱ ይሁን» አለች ሀጀራ። «አንተ ደግሞ ነገ ሮቢት፣ ገበሬዎቹ ጋ ሂድና ቤት ለቤት እየዞርክ የደጋሊት ዘር ለምን።»

«በስንት ይሸጡልኛል?»

«ዘር አይሸጥም፤ ይለመናል። ዘራችሁ የት ገባ ሲሉህ ምን ልትል ነው?»

«አይጥ በላው እላለኋ።»

«ድመት አልነበራችሁም ወይ ሲሉህስ?»

ከማሉዲን ፌስታሉን መሬት አስቀመጠ። ቡሬ መልሱን አልጠበቀም፤ ፌስታሉን ቀዶ መብላት ጀመረ።