የመስኮቱ ሽንኩርት

ወንዳፍራሽ ሽንኩርቱን በአውራ ጣቱ ጫን ሲያደርገው ጣቱ ሰመጠ።

እጁን አልሰበሰበም፤ መስኮቱ ሥር እንደቆመ ጣቱን እዚያው ትቶ ቆየ። ማዘን እንደነበረበት ያውቃል። ሚስቱን ዕድላዊትን ከቀበረ ወዲህ ግን ማንኛውም ነገር ለእሱ የሚሰማው፣ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬድዮ ነው።

ሽንኩርት ይሉታል እንጂ አይበላም። ዕድላዊት ሰበታ ዳር አበባ እርሻ ትሠራ በነበረ ጊዜ ያመጣችው ነው። አረንጓዴው ድቡልቡል ገላው በማሰሮ ውስጥ ከአፈሩ በላይ ተቀምጦ፣ ከአናቱ ቅጠል አልባ ቀጭን ሐረግ እያወጣ፣ እሷ በዘረጋችለት ክር መስኮቱን ይወጣ ነበር። አከራያቸው ኦቦ ገመቹ ባለፉ ቁጥር «ለወጥ የሚደርሰው መቼ ነው?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

አልጋ ከያዘች በኋላ አደራ ያለችው ይህንኑ ነበር። «ሐረጉ ሲደርቅ ሞተ ብለህ እንዳትጥለው፤ ተኝቶ ነው። አዲስ ቡቃያ እስኪያወጣ ጠብታ ውሃ እንዳታቀምሰው።»

ሐረጉ በለቅሶው ሰሞን ደረቀ። በዚያው ሰሞን ጎረቤቱ እትዬ ማሪቱ ጠበል ያመጡለት ጀመር። ማለዳ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ አንድ ኩባያ ይሰጡትና በባዶ ሆዱ እንዲጠጣ አዝዘውት ይሄዳሉ። አንድም ቀን አልጠጣም፤ እንቢ ለማለትም ጉልበት አልነበረውም። ጠበል ደግሞ እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ስለዚህ ሽንኩርቱ ሥር ሲያፈሰው ከረመ። አደራዋን ረስቶ አይደለም፤ እያስታወሰ ነው ያፈሰሰው።

ቢላዋ አመጣና ሽንኩርቱን ነቅሎ ጋዜጣ ላይ አጋደመው። ሥሩ ይሸታል። የበሰበሰውን እየገፈፈ፣ እየቆረጠ ሲጥል፣ መሐል ላይ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የምታህል ጠንካራ ቁራሽ አገኘ። ከእንዲህ ያለችውም ሊበቅል እንደሚችል ዕድላዊት ስትናገር ሰምቷል። ደረቅ አሸዋ ላይ አስቀመጣት።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ማሪቱ ኩባያቸውን ይዘው ገቡና ጋዜጣው ላይ ያለውን አዩ።

«ምነው ልጄ፣ የዕድሌን ተክል ምን አገኘው?»

«ጠበሉን ለእሱ ነበር የማፈሰው፣ እትዬ። እኔ አልጠጣሁም።»

ሴትዮዋ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ባዶ ኩባያ በመለስክልኝ ቁጥር» አሉ፣ «ስለ አንተ ደስ ይለኝ ነበር።»

ይቅርታ ሊጠይቃቸው ፈለገ። እጁ ላይ የተጣበቀውን ልጣጭ ሱሪው ላይ ጠረገና ኩባያውን ተቀበላቸው። ወዴት ሊያደርገው እንደሆነ በዓይናቸው ተከተሉት። አሸዋው ላይ ያለችውን ቁራሽ አየት አደረገ። ከዚያ አማተበና ጠጣ።

ቀዝቃዛ ነበር። ጥርሱን ጠዘጠዘው።