እግሩ ታች፣ ቀስቱ ላይ

ንዴት ለእጅ ጉልበት ይሰጣል የሚሉ ሰዎች ዝገት የያዘ ቪቴ ፈትተው አያውቁም። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ከአንድ ቪቴ ጋር ስትታገል ካቻቪቴው ሦስት ጊዜ ተንሸራትቶ መዳፏን ልጧታል። ሦስቱንም ጊዜ የረገመችው ግን ቪቴውን ሳይሆን ታላቅ ወንድሟን ነው።

ምክንያት ነበራት። ጀልባ ነጂ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ከዳር ዳር ስታመላልስ አንድ ቀን ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሰባት ተሳፋሪ ይዛ ወደ መውረጃው ስትጠጋ፣ የጀልባዋ ፕሮፔለር ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ሰው አልተጎዳም፤ የተጎዳችው እሷ ናት።

የዚህች ጀልባ ሞተር ሆዷ ውስጥ ነው፤ ከኋላዋ ወደ ውሃው የሚወርድ እግር አላት፤ ፕሮፔለሩም ያለው እግሩ ጫፍ ላይ ነው። ውሃው ሲሳሳ ነጂው ቁልፍ ተጭኖ እግሩን ያነሳል። ምን ያህል እንደተነሳ የሚነግረው ዳሽቦርዱ ላይ ያለ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል፣ ቀስቱ ከ«ታች» እስከ «ላይ» የሚሄድ ጌጅ ነው። መሪ ይዞ ኋላን ማየት አይቻልምና ነጂ ያንን ቀስት ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። የዚያን ቀን ቀስቱ «ላይ» ብሏት ነበር። እግሩ ግን ገና ውሃው ውስጥ ነበር።

ይህንኑ ለባለጀልባው ነገረችው። ባለጀልባው መካኒኩን ጠራ፤ መካኒኩ ደግሞ የገዛ ወንድሟ ነው። መጣና ቁልፉን ተጫነ፤ እግሩ ሲነሳ ቀስቱም ተነሳ። ሲያወርደው ቀስቱ መሃል ላይ ደርሶ ቆመ። ጌጅ ሲያረጅ ይሰንፋል አለና አለፈው። የእግሩን ከፍታ ለጌጁ የሚነግረውን ሴንሰር ከአደጋው በፊት በዚያው ሳምንት አዲስ የገጠመው ራሱ ነበር፣ እና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ የተሳሳተው የሰው ዓይን ነው ብሎ ደመደመ። የማን ዓይን እንደሆነ ውሃው ውስጥ ያለ ዓሣ እንኳ ገብቶታል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የተባለው ለነሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘችም። ነገ ጠዋት ሌላ ነጂ ይረከባል፤ ባለጀልባው ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባዋን ሊያይ ወንድሟ ጋራዥ ይመጣል። እናታቸው ለሁለቱም ላለማዳላት፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትላለች። የቸገረው ማደሩ ነው። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ የሚጠራ እውነት ለሷ ምን ይሠራላታል? ስለዚህ ወንድሟ በእረፍት ቀኑ ተኝቶ ሳለ ቁልፉን ከእናቷ ቤት አንስታ ብቻዋን ጋራዡን ከፈተች።

መጀመሪያ ከጌጁ የሚመጣውን ሽቦ ነቅላ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካችው። ቀስቱ ጥግ ድረስ ዘለለ። ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ነገሩ ያለው እግሩ ሥር በሁለት ቪቴ የታሰረው ሴንሰር ዘንድ ነው። ከዚያ ነው ያ የዛገ ቪቴ የመጣው፤ ወንድሟ ሴንሰሩን ሲቀይር ያሰረው በድሮዎቹ ቪቴዎች ነበር። በመጨረሻ ፈትታ ስታወጣው ግን ውሃ አልገባበትም፣ አልተሰነጠቀም፣ ከሱቅ አሁን የወጣ ይመስላል። ደሟ ፈላ። በወንድሟ እግር ሥር የምትወረውረው አንድ የበሰበሰ ነገር ፈልጋ ነበር። ምናልባት እውነትም ዓይኔ ይሆን ብላ አሰበች፤ ያን ማሰቧ ደግሞ ከሁሉም በላይ አናደዳት።

ያለ ምንም ተስፋ መልሳ ልትገጥመው ጀመረች። ቪቴዎቹ ሲላሉ ሴንሰሩ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ ከቀስቱ ጋር የሚስማማው በዚያ ነው። እግሩ ሽቅብ ተነስቶ ስለነበር ቀስቱ «ላይ» ብሎ ጥግ እስኪይዝ አዞረችው፣ አጠበቀችው። ከዚያ እግሩ መሬት እንዳይመታ ጀልባዋ ያለችበትን ተጎታች በግንድ ከፍ አድርጋ እግሩን ቀስ እያለች ማውረድ ጀመረች። እግሩ አንድ ስንዝር ወረደ። ቀስቱ «ላይ»። ሁለት ስንዝር ወረደ። ቀስቱ «ላይ»። እግሩ ግማሽ ሲደርስ ነው ቀስቱ ከእንቅልፉ የነቃው።

ቁጭ አለች። ወንድሟ ያደረገውን አንድ ሳይቀር ራሷ ደግማዋለች።

ሥራውን ያስተማራቸው አባታቸው ነው። አንድ ጊዜ እግሯ ያልተነሳ ጀልባ ከነተጎታቿ ሲገፋ የጋራዡ ደፍ ላይ እግሯን ሰብሮባት፣ ከዚያ በኋላ «እግር ሳይነሳ እጅ አይነካ» የቤቱ ሕግ ሆነ። ሁለቱም ፊደል ሳይቆጥሩ ያችን ቆጥረዋል። በዚህ ጋራዥ ውስጥ እግሩ ወርዶ የተሠራ ጀልባ የለም። ቀስቱ ግን አንዴ ላይኛው ጥግ ከደረሰ ወዲያ መሄጃ የለውም፤ ሴንሰሩን የቱንም ያህል አሳልፈህ ብታዞረው፣ ደረስኩ እንጂ አለፍኩ አይልም። በትክክል የሚገጠመው እግሩ እስከ ታች ወርዶ፣ ቀስቱም ታችኛውን ምልክት ገና ሲነካ ነው። እንደዚያ አድርጋ ሞከረችው። እግርና ቀስት እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደሰት ነበር። እሷ ግን በቃል ብቻ የሚያምናት እንደሌለ ታውቃለች። መልሳ ሁለቱን ቪቴዎች አላላችና እጇን ታጥባ ጠበቀች።

ባለጀልባውና ወንድሟ አብረው መጡ። ወንድሟ ገና ከበሩ ሲያያት ቱግ አለ፤ ማን ንኪ አለሽ፣ የሰበርሽው አይበቃም ወይ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኩል ትጮኽ ነበር።

«ጋሼ፣» አለችው ታላቅ ወንድሟን፣ «አልቻልኩበትም። አንተው እሳቸው ባሉበት ግጠመው።»

ይህ ደስ አለው። ካቻቪቴውን ከእጇ ተቀበለ፣ ሳያስበው አውራ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ እግሩን ሽቅብ አነሳው። ቀስቱ «ላይ» ብሎ ጥግ እስኪይዝ ሴንሰሩን አዞረ፣ አጠበቀ፣ በጨርቅ ጠረገ። ይኸው፣ ሕፃን የሚሠራው ነገር ነው አለ።

እሷ ባለጀልባውን ከመሪው ኋላ አስቀመጠችው። ወንድሟ ከኋላ እግሩ አጠገብ እንዲቆም ነገረችው። «እሳቸው ቀስቱን ያነብቡልናል፣» አለች፣ «አንተ እግሩን እይ።» የማውረጃውን ቁልፍ ተጫነች።

«ላይ፣» አለ ባለጀልባው።

እግሩ በወንድሟ ወገብ ትይዩ ነበር።

«ላይ።»

ጭኑ ጋ ደረሰ። ወንድሟ አንዴ ወደ ዳሽቦርዱ፣ አንዴ ወደ እግሩ ተመለከተ።

«አሁንም ላይ ነው፣» አለ ባለጀልባው፣ ግራ ገብቶት። «ማውረድ ጀምረሻል?»

የፕሮፔለሩ ጫፍ የወንድሟን ጉልበት አልፎ ነበር። እጅ ከፍንጅ ከዚህ የበለጠ አይያዝም።

«የዚያን ቀንም ላይ ነበር ያለኝ፣» አለች። «ሰባት ሰው ይዤ። አንተ ዓይኗ ነው አልክ። ለሳቸው አልክ፣ ለእማዬ አልክ፣ ወደቡ ላይ ለቆመ ሁሉ አልክ። ከመናገርህ በፊት አንዲት ጊዜ ከኋላ ቆመህ አታይም ነበር?»

ወንድሟ ካቻቪቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ባለጀልባውን ሳያይ፣ ጥፋቱ የሱ እንደሆነ፣ ዓይኗ ደህና እንደነበር ተናገረ። ባለጀልባው ነገሩ ሲገባው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ የጀልባዋን ቁልፍ ከዳሽቦርዱ ነቅሎ ሰጣትና ነገ ጠዋት እንዳታረፍጂ ብሏት ሄደ። ይቅርታ የሚባል ነገር ትዝም አላለው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሷ እግሩን እስከ ታች አውርዳ ሴንሰሩን መልሳ አስተካከለች፤ ወንድሟ ግን ተጎታቹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያል። እንዴት እንደተሳሳተ ገና አልገባውም፤ እየደጋገመ፣ እንዳባታችን ነው የሠራሁት ይላል።

እኔም ጠዋት እንዳንተው ነው የሠራሁት ብትለው ይቀለው ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ትለው ይሆናል። ዛሬ ግን አላለችም፤ ሦስት ሳምንት እሷ የተሸከመችውን እሱ አንድ ሌሊት ቢሸከመው አይሞትም።